በቤንችኛ የቀረጽነው ወንጌል ለአድማጮቹ ለምን ደብዳቤ መሰላቸው? ልምድ ያላችሁ ወገኖች ምክራችሁን አካፍሉን

ምሥራች ቀራጭ፦

የጌታ ሰላም ከሁላችሁ ጋር ይሁን። በአዲስ አበባ በምትገኝ አንዲት አጥቢያ የድምፅ ክፍል አገልጋይ ነኝ። ባለፈው ጥር ሦስት ሆነን በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወደምትገኘው ሚዛን አማን ወርደን፣ ከከተማው የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በሚርቅ ቀበሌ አሥር ቀን ተቀምጠን፣ ከሉቃስ ወንጌል የተመረጡ ታሪኮችንና ስምንት መዝሙሮችን በአካባቢው ቋንቋ በቤንችኛ ቀርጸን ተመልሰናል። አንባቢያችን አንደበቱ የቀና፣ በአጥቢያው የተመሰከረለት የአገሩ ልጅ ነው። በእጁ የያዘው በግእዝ ፊደል የታተመውን የቤንችኛ አዲስ ኪዳን ነበር፤ እርሱ ግን ቋንቋውን በትምህርት ቤት የተማረው በላቲን ፊደል ስለሆነ፣ የገዛ አፉን ቃል ከገጹ ላይ አንድ በአንድ እየለቀመ ነበር የሚያነበው። እኛ ቋንቋውን ስለማንሰማ ይህን ልብ አላልነውም። በማዳመጫ የደረሰን ድምፅ ጥርት ያለ ነበርና ደስ ብሎን ተመለስን።

ካስተካከልነው በኋላ በሜሞሪ ካርድ ላክነው። የአካባቢው ወንጌላዊ ቡና በተፈላበት ቤት የጠፋውን ልጅ ታሪክ ከፍቶ ሲያሰማ፣ አንዲት አሮጊት እናት እስከ መጨረሻው በጸጥታ አዳምጠው፣ «ይህ ልጅ የሚያነበው ደብዳቤ ከማን የተላከለት ነው?» ብለው ጠየቁ። ወንጌላዊው ይህን በስልክ ሲነግረኝ ለመመለስ ቃል አጣሁ። መዝሙሮቹንም ወጣቶቹ ወደዋቸዋል፤ ሽማግሌዎቹ ግን «ዜማው የእናንተ ነው፤ ቃሉን አልሰማነውም» ብለዋል። ዜማዎቹን የወሰድነው ሁላችን ከምናውቃቸው የአማርኛ መዝሙሮች ነበር።

በዝናቡ መውጫ እንደገና ልንሄድ አስበናል። በአንባቢ ፈንታ ተራኪ እንጠቀም ወይ? መዝሙሩንስ ምን እናድርገው? ቀረጻው በሰሚው ዘንድ መግባቱንስ በምን እናረጋግጥ? ስሕተቱ የእኛ መሆኑን አውቄዋለሁና ሳትሸሽጉ ንገሩኝ።

የካሴት ዘመን፦

ልጄ፣ እንኳን ጠየቅህ። እኔ ይህን ሥራ የጀመርሁት ቴፕ በምላጭ እየተቆረጠ በማጣበቂያ በሚቀጠልበት ጊዜ ነው፤ ያንተንም ስሕተት ከአንድ ጊዜ በላይ ሠርቼዋለሁ።

ለዚህ አገልግሎት መንገድ ከጠረጉት ሰዎች መካከል ጆይ ሪደርሆፍ የምትባል አሜሪካዊት ሚስዮናዊት አለች። በሆንዱራስ ስታገለግል በወባ ታምማ ወደ ሎስ አንጀለስ ተመለሰች፤ መንደሮቹን በእግሯ ልትደርስባቸው ባለመቻሏ ድምፅ በሸክላ እንዲደርስላቸው አሰበች፣ በስፓኒሽም ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ1939 የተመሠረተው ጎስፔል ሪኮርዲንግስ፣ ዛሬ ግሎባል ሪኮርዲንግስ ኔትወርክ የሚባለው፣ ከ6,000 በሚበልጡ ቋንቋዎችና ዘዬዎች ድምፅ ቀርጿል። ኤሌክትሪክ ለሌለበት አገር በእጅ የሚሽከረከር፣ ከካርቶን የተሠራ የሸክላ ማጫወቻ ሳይቀር አዘጋጅተው ነበር።

አንተን የሚጠቅምህ ግን የአሠራር ስልታቸው ነው። የሚቀረጸው ቋንቋ አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፍ አልነበረውም፤ ተናጋሪውም ፊደል አይቆጥርም፤ ቀራጩም ቋንቋውን አይሰማም። ስለዚህ አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ለአስተርጓሚው ይነገረዋል፤ አስተርጓሚው ለተናጋሪው በጆሮው ያቀብለዋል፤ ተናጋሪው በራሱ አነጋገር ለማይክራፎኑ ይናገራል፤ የአስተርጓሚው ድምፅ በኋላ ተቆርጦ ይወጣል። አንዳንድ ጊዜ በመካከል ሁለት አስተርጓሚ ይገባል። ሥራው አድካሚ ነው፤ ነገር ግን ማንም ሰው ከወረቀት ላይ አይናገርም።

እኔ ከዚያም አልፌ የተማርሁት ነገር አለ። በዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር የተቀረጸ ድምፅ ቃሉ ትክክል ሆኖ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ስለዚህ ታሪኩን ለተራኪው ሦስት አራት ጊዜ በቃል ንገረው፤ ሌሊቱን ከቤተሰቡ ጋር ሲያወራው ይደር፤ በማግስቱ ማይክራፎኑን አቁመህ፣ ከፊቱ አንድ የሚሰማ ሰው፣ በተለይም ልጅ፣ አስቀምጥለት። ሰው ለማይክራፎን አይተርክም፤ ለሰው ነው የሚተርከው። መጽሐፉን የያዘው ሌላ ሰው ከጎን ተቀምጦ የተዘለለውንና የተጨመረውን ይመዝግብ፤ ያንን ክፍል ብቻ መልሰህ ታስደግመዋለህ።

ቤንች ማዶ፦

በቋንቋዬ ላይ እንዲህ ያለ ውይይት በማግኘቴ ደስ ብሎኛል፤ የተወለድሁት ከሚዛን ማዶ ነው። ያች እናት የተናገሩትን እኔም ብሰማው ኖሮ የምለው ነው፤ ምክንያቱንም ላስረዳችሁ።

አማርኛ ተናጋሪዎች «አለ» ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ፊደሉ ግን ምልክት አያደርግለትም፤ አንባቢው ከዐውዱ ይደርስበታል። ቤንችኛ እንዲህ ያለው ልዩነት የሚሠራበት በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ነው፤ ደረጃው ደግሞ ሁለት ሳይሆን አምስት ነው። አንድ ዓይነት ፊደላት ያሉት ቃል በየከፍታው የተለያየ ነገር ይሆናል። በግእዝ ፊደል የታተመው አዲስ ኪዳን ይህን ከፍታና ዝቅታ አያሳይም፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የላቲኑ ፊደል ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ደግሞ ልጆቻችን ከቀድሞው ጽሑፍ ርቀዋል። እንግዲህ ያ ወጣት ያልለመደውን ፊደል እየለቀመ፣ ያልተጻፈውን ከፍታ እየገመተ፣ ሲሳሳት ወደ መካከለኛው ድምፅ እያመለጠ ነው ያነበበላችሁ። ቋንቋውን የማይችል ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም እንዲህ ባለ ሁኔታ መጨረሱ የሚያስመሰግነው ነው። በቤት ውስጥ ሲያወራ ብትቀርጹት ሌላ ሰው ይሆንባችኋል።

የዜማውን ነገር ደግሞ በደንብ ስሙኝ፤ ለእኔ ትልቁ እርሱ ነው። በእኛ አገር ወንዶች ከሸለቆ ማዶ ለማዶ በፉጨት ይነጋገራሉ። ፉጨቱ በከንፈር ወይም ሁለት እጅ በመግጠም የሚወጣ ሲሆን፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ተሰምቶ መልስ ይመጣበታል። በፉጨት ውስጥ ፊደል የለም፤ መልእክቱን የሚሸከመው ከፍታውና ዝቅታው ነው። ባለ አምስት አውታሩን ክራር የሚመታ ሰውም እንዲሁ ቃል ሊያናግረው ይችላል። ጆሮው በዚህ ላደገ ሰው፣ ከአማርኛ መዝሙር የመጣ ዜማ ቃሉ ሊወርድ በሚገባበት ሲወጣ፣ ሊወጣ በሚገባበት ሲወርድ ምን እንደሚሰማው አስቡት። ሽማግሌዎቹ «ቃሉን አልሰማነውም» ያሉት እውነታቸውን ነው። ወጣቶቹ የወደዱት ከአማርኛው የሚያውቁትን ዜማ ነው፤ ቃሉን ቀድሞውኑ ስላወቁት ከዜማው አይጠብቁትም።

ስለዚህ ግጥም ተርጉማችሁ አትውሰዱ። ታሪኩን ስጧቸውና በሰርግና በደቦ የሚያዜሙ እናቶችና አባቶች ራሳቸው ያውጡት። አውጪና ተቀባይ ሆነው በሚያዜሙበት ወግ ይሁን። ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ ጠብቋቸው።

ምሥራች ቀራጭ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ወንድማችን ቤንች ማዶም አመሰግንሃለሁ። ያንን ወጣት በልቤ ወቅሼው ነበር፤ ዛሬ ደውዬ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

የከተማ ልጅ፦

ጥያቄዬን በቅንነት ተቀበሉልኝ። በአሁኑ ጊዜ በሚዛን አካባቢ አብዛኛው ወጣት አማርኛ ይሰማል፤ በአማርኛ ደግሞ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በድምፅ ተቀርጾ በስልክ ላይ በነጻ ይገኛል። ጥቂት ሰው ብቻ ለሚሰማው ቀረጻ ይህን ያህል ድካምና ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነውን?

የሸኮ ወንጌላዊ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ብዙ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ስብሰባም ይነሣል፤ ስለዚህ በእርጋታ ልመልስልህ። አማርኛ የሚሰማው ወጣት በገበያ የሚውለው ነው። እናቱ ከእንሰቷና ከጎደሬዋ አትርቅም። አማርኛዋ «ስንት ነው?» እና «ጨምር» የሚል ነው፤ በዚያ አማርኛ ኃጢአቷን ልትናዘዝበት፣ የሞተ ልጇን ልታለቅስበት አትችልም። እኔ በሸኮ ምድር ለብዙ ዓመታት ሳገለግል በአማርኛ ሰብኬ «አሜን» የተባለልኝን ስብከት በማግስቱ ያስታወሰ ሰው ያጣሁበት ጊዜ አለ።

ለምሥራች ቀራጭም ሁለት ነገር ልጨምር። መጀመሪያ ስለ ማረጋገጫው፤ «ገባችሁ ወይ?» ብለህ አትጠይቅ። በእኛ አገር እንግዳን ማሳፈር ነውር ስለሆነ ሁሉም «አዎ» ይልሃል። «ምን ሰማችሁ? እስቲ ንገሩኝ» በል። የሚነግሩህም በቀረጻው ያልነበሩ፣ ታሪኩን በአማርኛ የማያውቁ ሰዎች ይሁኑ። ሲናገሩ ሌላ ሰው ወደ አማርኛ እየመለሰ ይንገርህና ከመጽሐፉ ጋር አስተያየው። በአንድ መንደር የጠፋውን ልጅ ታሪክ ስናሰማ፣ ሰሚዎቹ አባትየው ሰካራም እንደሆነ አድርገው መልሰው ተረኩልን። ምክንያቱ ሽማግሌ አባት ሲሮጥ አይተው አያውቁም፤ የሚሮጥ ሽማግሌ ጠጥቷል ማለት ነው። ቃሉ ትክክል ነበር፤ የሚጎድለው «ልጁን ከሩቅ አይቶ አንጀቱ ስለ ተላወሰ» የሚለው ክፍል ተራኪው ፈጥኖ ያለፈበት መሆኑ ነው። ያንን ቦታ ቀስ አድርጎ ሲደግመው፣ ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ።

ሁለተኛው ስለ ተራኪው ማንነት ነው። በአማርኛ ራዲዮ የሚያነብልህን ሰው አታውቀውም፤ በትንሽ ቋንቋ ግን ድምፁ እንደ ተሰማ «ይህ የእገሌ ልጅ ነው» ይባላል። ከዓመታት በፊት ከሩቅ የመጡ ቀራጮች በሁለት ቀን ሥራቸውን ጨርሰው ሄዱ። የጌታ ኢየሱስን ቃል እንዲናገር የመረጡት ሰው ድምፀ መልካም ነበር፤ ነገር ግን የወንድሙን መሬት ክርክር ላይ በሐሰት የመሰከረ መሆኑን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ማንም አልጠየቀንም፤ እኛም ሳንናገር ቀረን። ያ ቀረጻ በዚያ ወረዳ ሲከፈት ሰዎች ተነሥተው ይወጡ ነበር። ተራኪውን አጥቢያዋ ትምረጥ፤ ከአንድ በላይ ድምፅም ይኑር። ለዘዬውም እንዲሁ፤ ከየትኛው ወገን አነጋገር ቢቀረጽ ሁሉም እንደሚሰማው ሽማግሌዎቹን ጠይቁ።

የከተማ ልጅ፦

ተቀብያለሁ። ስለ ጎደሬዋ እናት ያልከው ገብቶኛል።

እኅት ስቱዲዮ፦

በድምፅ ሙያ ስለምሠራ፣ ወንድሞች ስላልነኩት ስለ ቦታው ልናገር። የደቡብ ምዕራብ ዝናብ ቀጠሮ አያከብርም፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የጸሎት ቤት ውስጥ ማይክራፎን ዘርግታችሁ ከሆነ ግማሽ ቀናችሁ በመጠበቅ አልፏል። ከዚያም ባሻገር የሲሚንቶ ወለልና ባዶ ግድግዳ ድምፁን እየመለሰ እንደ ጉድጓድ ያደርገዋል። የሣር ክዳን ያለው ጎጆ ከብዙ ስቱዲዮ የተሻለ ነው፤ ሣሩ የዝናቡን ድምፅ ይውጣል፣ የጭቃው ግድግዳ አያስተጋባም። ከተራኪው ጀርባ ሁለት ጋቢ በገመድ ስቀሉ፤ ሌላ ጋቢ በጠረጴዛው ላይ አንጥፉ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ጋቢ አልበቃን ብሎ የደረቀ የእንሰት ቅጠል ግድግዳው ላይ ደርድረን በሚገባ ሠርቶልናል፤ ሲነካ ስለሚንኮሻኮሽ ግን ማንም እንዳይደገፈው ጠባቂ አቁሙለት።

ዶሮዎቹን ከማታ ጀምሮ ወደ ጎረቤት ውሰዷቸው። ጀነሬተር አትጠቀሙ፤ በባትሪ ቅረጹ። ማንም ሳይናገር የቤቱን ዝምታ ለግማሽ ደቂቃ ለብቻው ቅረጹት፤ ስትቆርጡና ስትቀጥሉ ክፍተቱን የምትሞሉት በእርሱ ነው። ፍጹም ባዶ ዝምታ ካስገባችሁ ጆሮ ይደነግጣል። ሲቀረጽ ድምፁ ሳይጨመቅ በሚቀመጥበት በዌቭ ይሁን፤ ተጨምቆ ወደሚያንሰው ኤምፒስሪ የምትቀይሩት ለስርጭት ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ቅጂ በሁለት የተለያየ ቦታ አስቀምጡ፤ በፋይሉም ላይ የተናጋሪውን፣ የዘዬውንና የቀኑን ስም ጻፉ። ተናጋሪው ድምፁ የት የት እንደሚደርስ ተነግሮት መፍቀዱን ራሱ በቋንቋው በቀረጻው መጀመሪያ ላይ ይናገር። ስልክ ላይ የገባ ድምፅ ተመልሶ አይሰበሰብም፤ ይህን ሳያውቅ የተናገረ ሰው ተበድሏል ብዬ አምናለሁ።

ከሚኒያፖሊስ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እዚህ ያለን ምእመናን ውይይታችሁን ተከታትለናል። በፀሐይ ብርሃን የሚሠሩ ማጫወቻዎችን ገዝተን ለመላክ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀምረናል። ፌይዝ ካምስ ባይ ሂሪንግ የተባለው መጽሐፍ ቅዱስን በድምፅ የሚያሰራጭ ድርጅት የሚያሠራቸው፣ በፀሐይም በእጅም የሚሞሉ፣ ሰው ሰብስቦ የሚያሰማ ድምፅ ያላቸው መሣሪያዎች እንዳሉ እናውቃለን። ስንት ብንልክ ይበቃል?

የካሴት ዘመን፦

እግዚአብሔር ልባችሁን ይባርክ። መሣሪያው መልካም ነው፤ ስልክ ለሌላቸው እናቶች ከእርሱ የሚሻል የለም፤ በአንድ አጥቢያ አንድ ሁለት ይበቃል። ወጣቱ ግን ሜሞሪ ካርድ የሚገባበት ስልክ አለውና በገበያ ቀን ከአንዱ ወደ ሌላው በብሉቱዝ ያዳርሰዋል። ስለዚህ ከምታሰባስቡት ገንዘብ የሚበልጠውን እጅ ለሌላ ነገር እንድታውሉት እለምናችኋለሁ፤ ምክንያቱን በአንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

በየካቲት 1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ራዲዮ ብሥራተ ወንጌል ሲከፈት ደስታችን ወሰን አልነበረውም። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ጣቢያ ነበር፤ ሁለት ባለ 100 ኪሎ ዋት የአጭር ሞገድ ማሰራጫ ነበረው። ብዙዎች የሚያስታውሱት ያንን ማሰራጫ ነው። እኔ ግን የማስታውሰው ድምፅ የተቀረጸባቸውን የቴፕ ክር ጥቅሎች ነው፤ ፕሮግራሞቹ በአፍሪካና በእስያ በየአገሩ በነበሩ ስቱዲዮዎች፣ በየቋንቋው ባለቤቶች ተዘጋጅተው በክር ወደ አዲስ አበባ ይላኩ ነበር። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ጣቢያውን ወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አደረገው። ማሰራጫው በአንድ ቀን ከእጅ ወጣ። በየአገሩ የነበሩት ስቱዲዮዎችና በውስጣቸው የሠለጠኑት ሰዎች ግን ባሉበት ነበሩ፤ ማይክራፎናቸውን የወሰደባቸው የለም።

ስለዚህ በሚዛን ሁለት ወጣቶችና አንዲት እኅት ይሠልጥኑ። አንድ ሪከርደር፣ ሁለት ማይክራፎን፣ አንድ ላፕቶፕና ባትሪ የሚሞላ የፀሐይ ሰሌዳ በአጥቢያዋ ስም ይቀመጥ። ከአዲስ አበባ የሚሄደው ቡድን በየጊዜው አስተማሪ እንጂ ቀራጭ ሆኖ አይሂድ። አሁን ማስተካከያ ባስፈለገ ቁጥር ሦስት ሰው ከአዲስ አበባ ሊጓዝ ነው፤ እዚያው ቢኖር ያች እናት ባሉት ቀን ማታውን ይታረም ነበር።

ከሚኒያፖሊስ፦

አባታችን፣ ለኮሚቴው አንብቤላቸዋለሁ። ሃያ ማጫወቻ ብቻ ገዝተን የቀረውን ለሥልጠናውና ለመሣሪያው እንዲውል ተስማምተናል።

ምሥራች ቀራጭ፦

ከአምስት ወር በኋላ ተመልሻለሁ፤ ዝም በማለቴ ይቅርታ አድርጉልኝ። ከቡናው ለቀማ በኋላ ሄደን ለሦስት ሳምንት ተቀምጠን መጣን።

የተቀመጥነው በሣር ክዳን ቤት ነው፤ ዶሮዎቹም ጎረቤት አድረዋል። ተራኪዋን አጥቢያዋ መረጠች፤ ፊደል የማይቆጥሩ፣ አምስት ልጆች ያሳደጉ እናት ናቸው። የቀድሞው አንባቢያችን በዚህ ጊዜ መጽሐፉን ይዞ ከጎን ተቀመጠ፤ ታሪኩንም በቃል ያቀበላቸው እርሱ ነው። ሦስት ሌሊት አወሩት። በአራተኛው ቀን የልጅ ልጃቸውን ከፊታቸው አስቀምጠን ስንቀርጽ፣ ልጅቷ በመካከል «ከዚያስ?» ብላ ጠየቀች። ልንቆርጠው ነበር፤ ወጣቱ ግን «ተዉት፤ የእኛ ተረት ሰሚው ካልጠየቀ አይሄድም» አለን። ጥያቄዋ በቀረጻው ውስጥ አለ።

ስሕተትም አልጠፋም። የአባትየውን ሩጫ የሸኮ ወንጌላዊ እንዳለው ቀስ አድርገው ቢተርኩትም፣ ስናሰማ ከአራት ሰሚዎች ሁለቱ ታላቁን ልጅ ትክክል ነው ብለው ተከራከሩልን። ይህ የቀረጻ ጉድለት ይሁን ወይስ ታሪኩ ራሱ ያመጣው ክርክር ገና አልለየሁትም፤ ስለዚህ አልነካሁትም። መዝሙር የወጣው ሁለት ብቻ ነው፤ ሁለቱንም እናቶች አወጡት፣ ከሥራቸው የሚቀበሉት ደግሞ ወንዶቹ ናቸው። ቤንች ማዶ፣ አንደኛውን በስልክህ ልኬልሃለሁ፤ ቃሉና ዜማው ተስማምቶ እንደሆነ አንተ ንገረኝ።

ያችን «ደብዳቤ ነው» ያሉትን እናት ፈልገን አገኘናቸው። የቡና ቅጠል እያፈሉ ነበር። ድምፁን ስንከፍተው የተራኪዋን ስም ጠርተው «ጉንፋን ይዟታል እንዴ?» አሉ፤ በእርግጥም በዚያ ሳምንት ይዟቸው ነበር። ከዚያ ልጁ ወደ አባቱ ለመመለስ ሲነሣ፣ ለማሰሮው እሳት መጨመር ትተው ወደ ማጫወቻው ዞሩና «ሂድ፣ ሂድ» አሉት።

ሪከርደሩ በሚዛን ቀርቷል። ወጣቱና ሁለት ጓደኞቹ የማርታንና የማርያምን ታሪክ ለብቻቸው ጀምረዋል፤ ትናንት የላኩልኝ የመጀመሪያው ቅጂ የነፋስ ድምፅ አለበት። እኅት ስቱዲዮ፣ ለማይክራፎኑ የነፋስ መከላከያ ጸጉር ከየት እንደሚገኝ ብትጠቁሚኝ በሚቀጥለው ሳምንት በሚሄድ ሰው እልክላቸዋለሁ።